ተመለስ የሚባለው ውሻ

ባለፈው እሑድ ከመካኒሳ አቦ ቅዳሴ ወጥቼ፣ አጥሩን ተደግፌ ጫማዬን ሳጠልቅ አንዲት ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። የሰፈራችን ልጅ ናት። እናቷን አውቃታለሁ፤ እሷን ግን እንጃ፣ የዛሬ ልጅ ፀጉሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይር መለየት ይቸግረኛል። አሥራ ምናምን ሆነው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርተው፣ ለመጋቢት አቦ ዝቋላ በእግራቸው ሊሄዱ ነው። «እማማ የሺ፣ እናንተ ድሮ በእግር ትሄዱ ነበር አሉ። መንገዱ ላይ የገበሬ ውሻ ያስቸግራል ይላሉ፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» አለችኝ። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ውሻው አይደለም፤ «ማን ነገራት?» የሚለውን ነው። ስልሳን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፣ ዘመኑም ስንቴ ተገላብጧል፤ ሰው ሲጠይቀኝ ከመልሱ በፊት ጠያቂውን የመመርመር አመሌ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ዓይኗን አየት አድርጌ ተንኮል ሳጣበት፣ «ሲመጣብሽ ቁጭ በይ» አልኳት። ሳቀች። «ቁጭ?» «አዎ፣ ቁጥጥ በይ። ድንጋይ የምታነሺ ይመስለውና ይቆማል። የሮጥሽ እንደሆነ ግን አለቀልሽ።» ስልኳ ላይ ጻፈችው። አመስግናኝ ሄደች። የቀረውን አልነገርኳትም፤ እዚህ ልጻፈው።

የዛሬውን መካኒሳ ያየ ሰው የያኔውን ቢነግሩት አያምንም። አሁን ፎቁ ፎቁን ገፍቶ የቆመበት ቁልቁለት ያን ጊዜ የገብስና የጤፍ ማሳ ነበር፤ የእናቴ ወገኖች እዚያው በሬ ጠምደው ያርሱ ነበር። ወደ ከተማ ለመሄድ እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግር ነው፤ ዝናብ ከሆነ ጫማ በእጅ ተይዞ። አውቶቡሱ በሳንቲም ነበር፣ ዳቦ በሳንቲም ነበር፤ ስኳርና ሳሙና ግን ብር ቢኖርህም በኩፖን ነው፣ ለዚያውም ሕብረት ሱቁ ሲመጣለት። እኔ አንዲት ሰማያዊ ፕሊሴ ቀሚስና አንድ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነበረችኝ፤ ኮንጎዋን በፀሐይ ስሄድባት እግሬን ትቀቅለው ነበር። ወንዶቹ ቦላሌ ሱሪ ለብሰው፣ ሚዶ ኋላ ኪሳቸው ሰክተው መንገዱን ይጠርጉታል። መታጠፊያው ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ከስፌት መኪናው አጠገብ ቴፕ አስቀምጦ የፍቅር ዘፈን ሲያሰማን ይውልና የቀበሌዋ ላንድሮቨር ብቅ ስትል በጉልበቱ ይቀንሰዋል፤ እጁ ጨርቅ ይዞ ስለሚቆይ። የዘፈኑ ድምፅ ሲቀንስ እኛም ወሬያችንን እንቀንሳለን። ዛሬ እንኳን ታክሲ ውስጥ ሙዚቃ በድንገት ዝቅ ካለ ዞር ብዬ መንገዱን አያለሁ።

የሆድን በአፍ መናገር ስለማይቻል በዚያን ዘመን የውሻ ስም ሥራ በዝቶበት ነበር። የዛሬ ውሾች ማክስ ናቸው፣ ሮኪ ናቸው፤ ስማቸው ከማንም ጋር ጠብ የለውም። ያኔ ውሻ የሚሰየመው ለውሻው ተብሎ ሳይሆን ለጎረቤት ተብሎ ነው። ጠዋት በር ከፍተህ ውሻህን ጮክ ብለህ ስትጠራ፣ ልትለው የፈለግከውን ሰው የፈለግከውን ብለኸዋል። ማን ይጠይቅሃል? ውሻህን ነው የጠራኸው። አጥር የምንጋራው ሰውዬ የቀበሌ ተመራጭ ነበር፤ ወጥ ብንሠራ ሽታውን የሚመዘግብ የሚመስለን ሰው። እናቴ ለእሱ ብላ ቡችላ አሳደገችና «ምን አገባህ» ብላ ጠራችው። በየጠዋቱ አጥሩ ሥር ቆማ «ምን አገባህ! ኧረ ምን አገባህ አንተ!» ትላለች። ሰውዬው ወር አልቆየም፤ እሱም ቡችላ አመጣ። ስሙን «ሰምቻለሁ» አለው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከወዲህ «ምን አገባህ!» ከወዲያ «ሰምቻለሁ! ሰምቻለሁ!» ሆነ። ወንድሜ ብርሃኑ ትራስ ነክሶ ይስቃል። እናቴ ግን ያን ቀን ሳቀች፣ ከማግስቱ ጀምሮ «ምኑን ነው የሰማው?» ብላ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣች።

የሚሰማ ነገር ነበረና ነው። ብርሃኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ይጠብቃል፤ ወጣቱን ለጦር ግንባር የሚለቅመው አፈሳ ደግሞ እሱን ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ አምልጧል፤ አንዴ የአጎታችን ጭድ ውስጥ፣ አንዴ አልጋ ሥር። የልብስ ሰፊው ልጅ ላምባ ሊገዛ ወጥቶ ቆርቆሮው ብቻ ነው የተመለሰለት። እናቴ ለቀበሌው «ብርሃኑ አርሲ ዘመድ ጋ ሄዷል» አለችና እቤት ቆለፈችበት። ከዚያ ለአቦ ተሳለች፤ እስከ መጋቢት ካቆየህልኝ ዝቋላ በእግሩ አመጣልሃለሁ ብላ። ስለቱ እውነት ነው፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበረበት። ዝቋላ ገዳም የእናቴ አጎት መነኩሴ ነበሩ። ብርሃኑን እሳቸው ዘንድ ልታስቀምጠው ነው፤ አገሩ እስኪበርድ። ይህን የምናውቀው እሷ፣ እኔና እሱ ብቻ ነን። ለእኔና ለእሷ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አወጣን። ለብርሃኑ ማን ያውጣለት? አርሲ ነው ያለው።

እንግዲህ ወረቀት ለሌለው ሰው አስፋልቱ ላይ ኬላ አለ፣ ማሳው ውስጥ ደግሞ ውሻ አለ። እናቴ ውሻውን መረጠች። መጋቢት ሦስት ጎህ ሳይቀድ ተነስተን፣ በላፍቶ አድርገን፣ ከሃና ማርያም ኋላ ባለው የእግር መንገድ ወደ ደቡብ ወረድን። ጾም ነው። ስንቃችን ቆሎና በሶ ነው፤ ለአቦ የተሳለችውን አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ብርሃኑ በነጠላ ቋጥሮ ተሸክሞታል፤ ዳቦው አይነካም። ሌሎች ተሳላሚዎች በቡድን በቡድን እየዘመሩ ያልፋሉ፤ እኛ ከማንም አልተቀላቀልንም። ሰላም ሲሉን እናቴ «ሰላም» ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። አጨዳ ያለቀበት ሜዳ፣ የመጋቢት አቧራ፣ ንፋስ። እያንዳንዱ የገበሬ ግቢ ደግሞ ውሻ አለው፤ አንዱ ሲጮህ ለቀጣዩ ይነግረዋል፣ ገና ሳንደርስ ተሰልፈው ይጠብቁናል። እናቴ «ክላ! ክላ!» እያለች ዱላዋን ትመዛለች፣ እኔ ቁጥጥ እላለሁ፣ ብርሃኑ ድንጋይ ያነሳል። እንዲህ እየተነሳን እየተቀመጥን ግማሽ ቀን ሄድን። ይህ የጉልበቴ ሕመም የጀመረኝ ያን ቀን ይመስለኛል።

ሰውዬውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሃምሳ እርምጃ ያህል ከኋላችን፣ ብቻውን። ካኪ ካፖርት ለብሷል፣ የሸራ ቦርሳ በደረቱ አንግቷል፤ አንድ እጁ ከቦርሳው ላይ አይነሳም። መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ እሱ አልነበረም፤ ውሾቹ ናቸው። እኛን እስከ አጥራቸው ጫፍ አባርረው ወደ እሱ ሲዞሩ ድምፃቸው ቁርጥ ይላል። አንድ ጥቁር ትልቅ ውሻ፣ እናቴን ከነዱላዋ ያንቀጠቀጠ፣ ሰውዬውን ሲያይ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ሸጉጦ አጥሩ ሥር ተሸጎጠ። ሰውዬው ድንጋይ አላነሳም፣ ቁጭ አላለም፣ አላየውምም። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። «አየሽ?» አለችኝ እናቴ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «ውሻ እንኳን የፈራው ሰው የእነሱ ሰው ነው።» «ምናልባት ደፋር ይሆናል፤» አልኳት። «ደፋር ሰው ቦርሳውን እንዲህ አያቅፍም። ጆሮ ጠቢ ነው። ከመካኒሳ ጀምሮ ተከትሎን ይሆናል። ያ ሰውዬ 'ሰምቻለሁ' ያለው ለካ ለዚህ ነው!»

ብንፈጥን አልቀረልንም፤ ብንዘገይ ዘገየ። አንድ ዋርካ ሥር ስናርፍ መጣና ራቅ ብሎ ተቀመጠ። «እንደምን ዋላችሁ። ከወዴት ናችሁ?» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ከካፖርቱ ጋር አይሄድም። «ከዚያ ማዶ፤» አለች እናቴ። «ዝቋላ ነው? እኔም ነኝ። ታደሰ እባላለሁ።» ስሙን ሳንጠይቀው መናገሩ ባሰብን። ወደ ብርሃኑ አየና «ልጅሽ ነው?» አላት። እኔ ቀድሜ «የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከአርሲ ነው የመጣው፤» አልኩ። አርሲ ማለቴ ራሱ ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ጋሽ ታደሰ ራሱን ነቀነቀ። ውሃ ሲጠጣ ካፖርቱ ተከፈተና ደረት ኪሱ ውስጥ ባለማኅተም መታወቂያ አየሁ። ለእናቴ በዓይኔ ጠቀስኳት። ተነስተን ሄድን፤ ተነስቶ ተከተለን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከገላን ወዲያ አንድ ብቸኛ ጎጆ ጋ ደረስን። ሁለት ባሕር ዛፎች፣ የቁልቋል አጥር፤ ሌላው ቤት ራቅ ብሎ ነው። ልናልፈው ስንል ከአጥሩ ወዲያ የሴት ድምፅ ጮኸ። «ተመለስ! ኧረ ተመለስ አንተ!»

አማርኛ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ የሆነብንን ይረዳል። «ተመለሱ» አይደለም ያለችው፤ «ተመለሺ» አይደለም። «ተመለስ» ነው ያለችው፤ አንድ ሰው፣ ወንድ። ከእኛ መሃል ወንድ አንድ ብቻ ነው። ብርሃኑ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። «አውቀውኛል፤» አለ። ወደ ኋላ ዞሮ ጋሽ ታደሰን አየና ሮጠ። ዳቦውን ተሸክሞ፣ በሜዳው ላይ፣ እንደ ልጅነቱ ሮጠ። እንዳትሮጥ ብዬ ስንቴ ነግሬው ነበር! ከቁልቋሉ ሥር ቡናማ ውሻ ወጣና ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ባቱን ያዘው። እኔ ጮህኩ። ካኪው ካፖርት አጠገቤን እንደ ነፋስ አለፈና እነሱ ጋ ደረሰ፤ ውሻው ሰውዬውን ሲያይ አፉን ከፈተ፣ መሬት ላይ ተጋደመ፣ ሽንቱ አመለጠው። እናቴ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ አንስታ ነበር። ያነሳችው ግን ለውሻው አልነበረም። «ልጄን ንካና እዚሁ እደፋሃለሁ!» አለችው ጋሽ ታደሰን። «የአክስት ልጅ» የሚለው ነገር እዚያ ላይ አበቃ።

ከአጥሩ የወጣችው ሴት እየሮጠች፣ እየማለች መጣች። እትዬ ጥሩነሽ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ እጇ ሻካራ፣ ዓይኗ እዚህ የሌለ ሴት። «ውሻዬን ነው! አቦን ውሻዬን ነው የጠራሁት! ስሙ ተመለስ ነው!» አለች። እናቴ ድንጋዩን ወዲያው አልጣለችም፤ «ለምን እንዲህ ተባለ?» ብላ ጠየቀች። የውሻ ስም ለማን እንደሚወጣ እናቴ ካላወቀች ማን ያውቃል? እትዬ ጥሩነሽ መልሱን የነገረችን ቤቷ አስገብታን የብርሃኑን ባት በጨውና በሙቅ ውሃ እያጠበች ነው። አንድ ልጅ ነበራት። ከሁለት ዓመት በፊት ገበያ ወጥቶ ታፈሰ፤ ደብዳቤ አልመጣም፣ ወሬ አልመጣም። በየማታው ደጅ ወጥታ ስሙን እየጠራች ስታለቅስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አስጠርቶ «የዘማች ወላጆችን ሞራል እየነካሽ ነው፤ ሁለተኛ ብትጠሪው ትታሰሪያለሽ» አላት። እሷም ቡችላ ለመነችና አሳደገች። «ልጄን መጥራት ተከለከልኩ። ውሻ መጥራትን ግን ማን ይከለክለኛል?» አለች። በየማታው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ውሻው እግሯ ሥር ቢሆን እንኳን፣ ራቅ አድርጋ ትሰደውና ትጠራዋለች። እናቴ ያን ጊዜ ነው አጎንብሳ የእትዬ ጥሩነሽን ራስ የሳመችው።

ጋሽ ታደሰ በር ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ግባ ያለው የለም። ብርሃኑ «ያበደ ውሻ ቢሆንስ?» ሲል ከውጭ «ጤነኛ ነው፤» አለ። «አንተ በምን አወቅህ?» አልኩት እኔ። «ሥራዬ ነበር፤» አለ። መሥሪያ ቤቱን ነገረን፤ ስሙን እዚህ አልጠራም። ለዓመታት ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ሲገድል የኖረ ሰው ነው። ብዙ ታጥቧል፣ ብዙ ጠበል ገብቷል፤ ውሻ ግን ያውቀዋል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ሲሸሸው የሰፈሩም ሰው ሸሸው፤ የገዛ ልጁ ያሳደገችው ቡችላ እሱ እቤት ሲገባ ከአልጋ ሥር አይወጣም ነበር። «አቦ ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ ጻድቅ ናቸው። እሳቸው ደጅ ሄጄ ሁለተኛ አልገድልም ብዬ ልምል፣ ይችንም ለአባቶች ሰጥቼ ላስቀብራት ነው፤» ብሎ ቦርሳውን ከፈተ። የመርዙ ጥቁር ጠርሙስ ነበር። «ምስኪን» አለች እትዬ ጥሩነሽ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ማን ያውቃል፣ የተጠና ንግግር ይሆናል» አለችኝ። እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ጠዋት በሩ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ቆመው አገኘናቸው። የማታውን ጩኸት ሰው ሰምቶ ነግሯቸዋል። አንደኛው ሽማግሌ ነው፤ ሌላኛው ወጣት፣ ምንሽሩን አንግቶ ጥርሱን የሚፍቅ። «ወረቀት፤» አለ ወጣቱ። እናቴ ሁለታችንን ሰጠችው። አነበበ፤ ወይም ያነበበ መሰለ። «ሁለት ሰው ይላል። ይሄ ጎረምሳስ?» እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እንግዲህ ያለቀልን መስሎኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ከደረት ኪሱ ያን ባለማኅተም መታወቂያ አወጣ። ድምፁ ተለወጠ፤ የቢሮ ድምፅ ሆነ። «የእኔ ረዳት ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ስለሆነ መታወቂያ አልወጣለትም። ያበደ ውሻ አለ ተብሎ ለሥራ ነው የመጣነው፤ ይኸው ማታ ነክሶታል።» ወጣቱ መታወቂያውን አገላበጠ፣ ጠርሙሱን አየ፣ የብርሃኑን ባት አየ። ፈገግ አለ። «ጥሩ። የትኛው ውሻ ነው?»

ጋሽ ታደሰ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። ተመለስ ምድጃው አጠገብ ተኝቶ ነበር። «ያ ነው አይደል?» አለ ወጣቱ። «እንግዲያው ግደለዋ። እኛም እንይ፣ አንማርም እንዴ?» ወጣቱ ውሻውን ለምን እንደፈለገ ገባኝ፤ ጋሽ ታደሰ «ረዳቴ ነው» ማለቱን አላመነም። ጋሽ ታደሰ ካልገደለ ረዳት የለም፤ ረዳት ከሌለ ብርሃኑ አለቀለት። ጋሽ ታደሰ ጠርሙሱን ይዞ ቆመ። «ጾም ነው፤ ሥጋ የለም፤» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው። «ዳቦ ይበላል፤» አሉ ሽማግሌው ታጣቂ። ሁላችንም እትዬ ጥሩነሽን አየናት። እሷ ብርሃኑን አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ውሻ ነው፤ ልጅ አይደለም፤» አለች።

ከአቦ ድፎ ላይ የቆረስኩት እኔ ነኝ። እናቴ ነጠላውን ፈታች፣ እኔ ቆረስኩ፣ ጋሽ ታደሰ ፊቱን አዙሮ የሚያደርገውን አደረገ። ውሻው ከእሱ እጅ አልበላም አለ፤ ወደ ጥጉ ሸሸ። እትዬ ጥሩነሽ ዳቦውን ተቀበለችው። «ከእኔ እጅ ነው የሚበላው፤» አለች። ውሻውን ደጅ ይዛው ወጣች፤ ታጣቂዎቹም ተከትለው ወጡ። ስሙን በሹክሹክታ ስትጠራው ሰማሁ። እኔ ግን አልወጣሁም፤ ምድጃው ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። ብዙ አልቆየም። ወጣቱ ተመልሶ መታወቂያውን ለጋሽ ታደሰ ሰጠውና «ጎበዝ፤ በርቱ» አለው። ሄዱ።

እስከ ዝቋላ ተራራ እግር ድረስ አራታችንም አብረን ሄድን። ጋሽ ታደሰ ከፊት ነበር። ውሾቹ አሁንም እየተሸጎጡ መንገድ ይለቁለታል፤ እኛ ከኋላው በሰላም አለፍን። ሽቅቡ ሲጀምር ቆመ። «እኔ ከዚህ በላይ አልወጣም፤» አለ። «ልምለው የመጣሁት እዚያ ቤት ቀረ።» እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ማመስገን ፈልጋ ያቃታት ይመስለኛል። ወደ እኔ ዞሮ «አቦ ይቅር የሚሉኝ ይመስልሻል?» አለኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ፈሪ ነበርኩ። ይህ ሰው አሁን ይህን የሚጠይቀኝ ምን ሊያወጣጣኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያን ሁሉ ካየሁ በኋላ፣ ያን ጊዜም! «እኔ ምን አውቃለሁ፤» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በደብረ ዘይት መንገድ ሄደ። ሁለተኛ አላየሁትም። ከሰው ጋር በተነጋገርኩት ነገር ሁሉ ወደ ኋላ ሄጄ ብቀይር የምወደው ያችን አንዲት መልስ ነው።

ብርሃኑ ያ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ ተራራው ላይ ቆየ፤ ጢሙን አሳድጎ፣ ዳዊት መድገም ለምዶ ወረደ። አሁን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ የልጅ ልጆች አሉት። ባቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሰው የጥይት ይመስለዋል፤ እሱም አያርምም። አንድ ቀን ለብቻችን «ያቺ ሴት እኮ» ብሎ ጀመረና ወደ ሌላ ወሬ ዞረ። ከዚያ ቤት ወዲህ ውሻ አላሳደገም። እኔም አላሳደግሁም። እናቴ እንኳን «ምን አገባህ» ሲሞት ሌላ አላመጣችም፤ ያኔ የአጥር ጎረቤታችንም ቢሆን መስማት አቁሞ ነበር።

የመጨረሻው ነገር ግን ስንመለስ የሆነው ነው። በአቦ ዕለት ደጁን ስመን፣ ብርሃኑን ለእናቴ አጎት አስረክበን፣ እኔና እናቴ በዚያው መንገድ ተመለስን። ልጇን ጥላ የምትመጣ ሴት ነበረች፤ እንዴት እንደምትራመድ አልገባኝም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁለቱ ባሕር ዛፎች ታዩን። ያን ጊዜ ድምፁ መጣ፤ «ተመለስ! ኧረ ተመለስ አንተ!» እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «አልሞተም! ታደሰ አታልሏቸዋል! ውሻው አልሞተም!» አለች። ሮጥን። በአርባ ምናምን ዓመቷ እናቴ ቀድማኝ ሮጠች። እትዬ ጥሩነሽ ከአጥሩ ውጭ፣ ፊቷን ወደ ሜዳው አድርጋ ቆማለች። ውሻ የለም። ከቁልቋሉ ሥር አዲስ የተቆፈረ አፈር አለ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል።

«ታጣቂዎቹ አይሰሙሽም?» አልኳት፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ። «ትናንት መጥተው ነበር። 'ማንን ነው የምትጠሪው?' አሉኝ። ውሻዬን አልኳቸው። 'ሞቶ የለም እንዴ?' አሉኝ። አላመንኩም አልኳቸው። አብዳለች ተባባሉና ትተውኝ ሄዱ።» ከዚያ እናቴን አየቻት፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «አትዘኑ። አሁን ነው በደንብ የምጠራው። ድሮ እሱ እየመጣ ያቋርጠኝ ነበር፤» አለች።

እናቴ ዱላዋን አጥሩ ላይ አስደገፈች። ዕድሜዋን ሙሉ በሹክሹክታ የኖረች፣ አንድ ቃል ለመናገር ሁለት ጊዜ ዞራ የምታይ ሴት፣ ወደ መጣንበት፣ ወደ ተራራው ዞረች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። «ተመለስ!» አለች። እትዬ ጥሩነሽ ወደ ሜዳው፣ እሷ ወደ ተራራው፣ እየተቀባበሉ ተጣሩ። የአካባቢው ውሾች ሁሉ ከየግቢያቸው ጮሁ። እኔ ያን ቀን ቁጭ አላልኩም፤ ድንጋይም አላነሳሁም።